ፒፔትን በጎጃም ከፍታ መፈተሽ፦ በሚዛንና በጠረጴዛ ስካነር

አዲስ ማይክሮፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚስብና የሚያፈስ የላብራቶሪ መሣሪያ) ሲገዛ ሳጥኑ ውስጥ የፋብሪካ የፍተሻ ወረቀት አብሮት ይመጣል። ወረቀቱ ውሸት የለበትም፤ የሚመሰክረው ግን ፒፔቱ ስለተፈተሸበት ክፍል ነው። ያ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል የቀረበ፣ የአየር ግፊቱ ወደ 1,013 ሄክቶፓስካል የሚጠጋ ቦታ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር። በባሕር ዳር ግፊቱ ከ815 እስከ 820፣ በደብረ ማርቆስ ከ750 እስከ 760 ሄክቶፓስካል አካባቢ ይሆናል። ማርቆስ ላይ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ፒፔቱ ደግሞ ፈሳሹን የሚስበው በአየር ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የተጻፈው ባለ አራት ዲጂት ሚዛን (እስከ 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ) እና አንድ ያረጀ የጠረጴዛ ስካነር ላለው የአፈር፣ የውሃ ወይም የጤና ላብራቶሪ ነው። ትልልቆቹን ፒፔቶች ሚዛኑ ብቻውን ይፈትሻል። ለትንንሾቹና ባለ ስምንት አፍ ለሆኑት ሚዛኑ አቅም ሲያጣ ስካነሩ ይረዳል።

ከፍታው ፒፔቱን ምን ያደርገዋል

ቁልፉን ተጭነው ሲለቁት ፒስተኑ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ፈሳሹም ቲፑ (ጫፉ ላይ የሚሰካው ፕላስቲክ) ውስጥ ይገባል። በፒስተኑና በፈሳሹ መካከል ግን የታሰረ አየር አለ። ፈሳሹ የተንጠለጠለው በዚህ አየር ላይ ነው፤ አየሩ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ይሳሳል፣ ፈሳሹም በተሳሳው ልክ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ፋብሪካው ይህንን ያውቃልና ፒስተኑ ትንሽ አልፎ እንዲሄድ አድርጎ ያስተካክለዋል። ያስተካከለው ግን ለራሱ ግፊት ነው። ቀጭን አየር ይበልጥ ይሳሳል፤ ስለዚህ ያው ፒፔት ደጋ ላይ ሲወጣ ከተጻፈበት ያነሰ ይሰጣል።

ልኩን በግምት እናስላው። ባለ 1,000 ማይክሮ ሊትር ፒፔት ውስጥ 2,500 ማይክሮ ሊትር የታሰረ አየር አለ፣ ቲፑ ውስጥ ያለው ውሃም 5 ሴንቲ ሜትር ይቆማል እንበል። 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ 4.9 ሄክቶፓስካል ይጎትታል። በባሕር ወለል 2,500 × 4.9 ÷ 1,013 ወደ 12 ማይክሮ ሊትር ይሆናል፤ ይህ በፋብሪካ የተካካሰው ነው። በባሕር ዳር ያው ስሌት 15፣ በደብረ ማርቆስ ወደ 16 ማይክሮ ሊትር ይሰጣል። ልዩነቱ በባሕር ዳር ወደ 3፣ በማርቆስ ወደ 4 ማይክሮ ሊትር ጉድለት ነው። አይሶ 8655 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለባለ 1,000 የሚፈቅደው የአማካይ ስሕተት 8 ማይክሮ ሊትር ስለሆነ፣ ፒፔቱ ምንም ሳይበላሽ ከተፈቀደለት ስሕተት ግማሹን ከፍታው ብቻ ይበላበታል። ለቀሪው ብልሽት የተረፈው ግማሹ ነው።

ስለ ግፊቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ማርቆስ ላይ ቆመው 1,018 ወይም 1,022 ሊያሳይዎት ይችላል። ይህ ወደ ባሕር ወለል ተቀይሮ የተጻፈ ቁጥር ነውና እንዳይጠቀሙበት። የሚፈልጉት ክፍሉ ውስጥ ያለውን እውነተኛ ግፊት ነው፤ ከባሮሜትር፣ ወይም ስልኩ የራሱ የግፊት ሴንሰር ካለው ሴንሰሩን በቀጥታ ከሚያነብ መተግበሪያ ይወሰዳል። ቁጥሩ ከ900 በላይ ከሆነ የክፍልዎ አይደለም።

ሚዛኑ ጋ ከመሄድ በፊት

ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። በመጀመሪያ ቲፑን ይመልከቱ። ጨረታ ያሸነፈው ቲፕ ሁሉ ለሁሉም ፒፔት አይሆንም፤ ሲገባ ለስለስ ብሎ ገብቶ በጣት ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ አየር ያስገባል። ታጥቦ የደረቀ ቲፕ ለዕለት ሥራ ይውላል ይሆናል፣ ለፍተሻ ግን አይውልም፦ ውስጡ የቀረው የሳሙና ቅሪት ውሃውን ግድግዳው ላይ ስለሚያስቀረው ፒፔቱ ያልሠራው ጥፋት ይጻፍበታል።

ቀጥሎ የማፍሰስ ፈተና። ከፍተኛውን መጠን ይሳቡ፣ ፒፔቱን ቀጥ አድርገው በቆመበት መስቀያ ላይ ይስቀሉት፣ 20 ሰከንድ ይጠብቁ። በእጅ አይያዙት፤ የእጅ ሙቀት የታሰረውን አየር አስፍቶ ጠብታውን ራሱ ያወጣዋል፣ ያኔ ጤነኛውን ፒፔት ያፈሳል ብለው ይፈርጁበታል። ጫፉ ላይ ጠብታ ካበጠ ቲፑን ቀይረው ይድገሙ። አሁንም ካበጠ ይፍቱት፦ የቲፕ ማውለቂያው ይወልቃል፣ የታችኛው እጀታ በብሎን ይፈታል፣ ፒስተኑ ከሞላው ጋር ይወጣል፣ ፒስተኑ ላይ ጎማ ቀለበት አለ። ሲወጣ የነበረውን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሞላው ዘሎ ጠረጴዛ ሥር ከገባ በኋላ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደነበር ማስታወስ ከባድ ነው። ፒስተኑን በ70% አልኮል በራሰ ክር በማያወጣ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ጎማው ካልተሰነጠቀ ፋብሪካው የሚያዘውን ቅባት የምስር ፍሬ አንድ አራተኛ በሚያህል መጠን ብቻ በስሱ ይቀቡ። ቫዝሊን አይሆንም፤ ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። የአፈር ላብራቶሪ ፒፔት ሲፈታ ፒስተኑ ላይ ዝገት የሚታየው ብዙውን ጊዜ የአሲድ ትነት ወደ ውስጥ ስለገባ ነው፤ ዝገቱ ከቆረቆረ ቅባት አያድነውም፣ ፒስተኑ ይቀየራል።

በሚዛን መፈተሽ

የሚያስፈልገው፦ ሚዛኑ፣ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ፣ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ግማሽ ሊትር፣ እስከ 0.1 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር፣ የእርጥበት መለኪያ፣ የሰዓት መቁጠሪያና አዲስ ቲፖች።

ውሃውን፣ ፒፔቱንና ቲፖቹን ማታውኑ ሚዛኑ ክፍል ያሳድሯቸው። ማርቆስ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከመጋዘን የመጣ ውሃ ከክፍሉ በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሞቀ ፒፔት ሲሳብ የታሰረው አየር ይጨማተርና ውሃው ከልኩ በላይ ይገባል። በፍተሻው ጊዜ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ መዋዠቅ የለበትም። ሚዛኑን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ያብሩት። መብራት ሄዶ ከመጣ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስክሪኑ ወዲያው ቁጥር ማሳየቱ ሞቋል ማለት አይደለም።

በበጋ ሌላ ጠላት አለ፤ ደረቅ አየር። የክፍሉ እርጥበት ከ50% በታች ከሆነ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ውሃ ሲመዘን እየተነነ ይሄዳል። ሚዛኑ የመስታወት ቤት ውስጥ፣ ሳሕኑን ሳይነኩ፣ ውሃ የሞላ ትንሽ ቢከር ጥግ ላይ ያስቀምጡ። ብልቃጡ አፈ ጠባብ ይሁን፣ ከታች 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አስቀድሞ ይኑርበት።

አሁን ወደ ሥራው። ፒፔቱን በከፍተኛ መጠኑ ይሙሉት። ቲፑን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ውሃው ውስጥ አስገብተው አምስት ጊዜ እየሳቡ ያፍስሱ። ይህንን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው፣ ውጤቱ ግን ወዲያው ይታያል፦ በደረቅ ቲፕ የመጀመሪያው ስበት ላይ ውሃው ወደ ታሰረው አየር ይተናል፣ ትነቱ አየሩን ያሰፋል፣ ፈሳሹን ወደ ታች ይገፋል። በጎጃም በጋ ይህ ከሌላው ጊዜ ይብሳል። ከዚያ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ይቆዩ፣ ቲፑን ከውሃው ሲያወጡ የዕቃውን ግድግዳ ያስነኩት። ብልቃጡ ውስጥ ሲያፈሱ ቲፑን ወደ 40 ዲግሪ አጋድለው ከውሃው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ያሳርፉ፣ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ይግፉ፣ ግድግዳው ላይ ጎትተው ያውጡ። ክብደቱን ይጻፉ፣ ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ፣ ይድገሙ። አሥር ጊዜ፣ እያንዳንዱ ዙር እኩል ጊዜ ይፍጅ። አሥሩ ሲያልቅ ያንኑ እንቅስቃሴ ለአሥር ዙር ውሃ ሳይጨምሩ ይሥሩ፤ ሚዛኑ የቀነሰው ክብደት ለአሥር ሲካፈል የአንድ ዙር ትነት ይሆናል፣ እሱም ወደ አማካዩ ይደመራል።

ሚሊ ግራምን ወደ ማይክሮ ሊትር የሚቀይረው ዜድ የሚባለው ቁጥር ነው፤ የውሃውን እፍጋትና አየሩ ክብደቱን የሚያቀልበትን መጠን አንድ ላይ ይይዛል። በ20 ዲግሪ በባሕር ወለል 1.0029 ነው። በባሕር ዳር ግፊት (815) በ18 ዲግሪ 1.0023፣ በ20 ዲግሪ 1.0026፣ በ22 ዲግሪ 1.0031፣ በ25 ዲግሪ 1.0038 ይውሰዱ። በደብረ ማርቆስ (755) በቅደም ተከተል 1.0022፣ 1.0026፣ 1.0030 እና 1.0037። እንደሚያዩት ከፍታው እዚህ ላይ የሚለውጠው እጅግ ትንሽ ነው፤ የአንድ ሁለት ዲግሪ ሙቀት ስሕተት ይበልጠዋል። «ለከፍታው ዜድን አስተካክያለሁ» ብሎ መቀመጥ ስለዚህ አይበቃም። ዜድ የሚዛኑን ንባብ ያቃናል እንጂ ፒፔቱ ውስጥ የተሳሳውን አየር አይሰበስብም።

አንድ ሙሉ ስሌት በምሳሌ ቁጥር፦ ማርቆስ፣ 755 ሄክቶፓስካል፣ 21 ዲግሪ፣ ባለ 1,000 ፒፔት። አሥሩ ክብደቶች በሚሊ ግራም 991.2፣ 990.6፣ 992.0፣ 991.5፣ 990.9፣ 991.8፣ 991.1፣ 990.4፣ 991.7፣ 991.3። አማካዩ 991.25። የአሥሩ ዙር ትነት 1.5 ሚሊ ግራም ስለነበር ለአንዱ 0.15 ተደምሮ 991.40። ዜድ በ21 ዲግሪ 1.0028። 991.40 × 1.0028 = 994.2 ማይክሮ ሊትር። ጉድለቱ 5.8፣ ማለትም 0.58%፤ ከተፈቀደው 8 በታች ነው፣ ያልፋል። የአሥሩ መበታተን (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 0.52 ማይክሮ ሊትር፤ የተፈቀደው 3 ነው፣ በሰፊው ያልፋል። እንዲህ ያለ ውጤት፣ መበታተኑ ጥብቅ ሆኖ አማካዩ ብቻ ዝቅ ያለ፣ የጤነኛ ፒፔትና የከፍታ መልክ ነው። በተቃራኒው አማካዩ ልክ ሆኖ ቁጥሮቹ ከተበታተኑ ጥፋቱ በእጅ፣ በቲፕ ወይም በጎማ ቀለበቱ ነው።

ሌሎቹ ገደቦች በሙሉ መጠናቸው፦ ባለ 200 ፒፔት በአማካይ 1.6፣ በመበታተን 0.6 ማይክሮ ሊትር፤ ባለ 100፣ 0.8 እና 0.3፤ ባለ 20፣ 0.2 እና 0.1፤ ባለ 10፣ 0.12 እና 0.08። በሙሉ መጠን ከጨረሱ በግማሹና በአሥረኛው ይድገሙ።

ባለ አራት ዲጂቱ ሚዛን የሚያልቅበት ቦታ

የመስፈርቱ እ.ኤ.አ. የ2002 እትም ከ100 ማይክሮ ሊትር በላይ ለሆነ መጠን 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል ይል ነበር። ከ10 እስከ 100 ድረስ 0.01፣ ከ10 በታች 0.001 ሚሊ ግራም የሚያነብ ይጠይቅ ነበር። ባለ 20 ፒፔት የተፈቀደለት መበታተን 0.1 ማይክሮ ሊትር፣ የሚዛንዎ የመጨረሻ ዲጂትም 0.1 ሚሊ ግራም ከሆነ ሜዳውን በእርምጃ ለክቶ የጫማ ቁጥር እንደማዘዝ ነው።

አማካዩን ግን ማዳን ይቻላል። 20 ማይክሮ ሊትሩን አሥር ጊዜ አከታትለው ብልቃጡ ውስጥ ይጨምሩ፣ ድምሩን አንድ ጊዜ ይመዝኑ፣ ለአሥር ያካፍሉ፣ ትነቱን ያካክሱ። ይህንን አምስት ጊዜ ይድገሙ። አማካዩ የሚታመን ይሆናል። የጠፋው አንድ ነገር ነው፦ አንዱ ጠብታ 19 ሌላው 21 ቢሆን ድምሩ ይሸፍነዋል። መበታተኑን የሚያሳየው ስካነሩ ነው።

በስካነር መፈተሽ

እ.ኤ.አ. በ1957 ሃይንሪሽ ሽኒትገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ማርቡርግ ውስጥ በፒስተንና በሞላ ለሚሠራው ፒፔት የፈጠራ ባለቤትነት ጠየቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ራስል ኪርሽና ባልደረቦቹ የኪርሽን ሕፃን ልጅ ፎቶ በ176 በ176 ነጥብ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ፤ የስካነሮች ሁሉ ዘር ከዚያ ይመዘዛል። ትንንሽ ጉድጓድ ያለውን ፕሌት ሃንጋሪያዊው ጁላ ታካቺ የሠራው ደግሞ ከእነሱ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1951 ነው። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ነው የቀረው።

ሐሳቡ ይህ ነው። የታወቀ ቀለም በፒፔቱ ወደ ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ይጨመራል፣ ፕሌቱ ከሥር ስካን ይደረጋል፣ ጉድጓዱ የጠቆረው በገባው ቀለም ልክ ነው። ውበቱ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። ብርሃኑ ጉድጓዱን ከታች ወደ ላይ ስለሚያልፈው የሚቆጥረው በመንገዱ ላይ ያለውን የቀለም ብዛት ነው፤ ማሟያው ውሃ በዛም አነሰ ቀለሙ ይበተናል ወይም ይጠጋጋል እንጂ በመንገዱ ላይ ያለው ብዛት አይለወጥም። ስለዚህ ውሃውን በደከመ ፒፔት ቢጨምሩትም ውጤቱ ላይ ብዙ አያመጣም። የሚፈተነው ቀለሙን የጨመረው ፒፔት ብቻ ነው።

ስካነሩን መምረጥ። ሁለት ዓይነት ናቸው። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራው ቀጭኑ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን እንጂ ትንሽ ከፍ ያለውን ጥርት አድርጎ አያይም። የፕሌት ታች ደግሞ በጠርዙ ምክንያት ከመስታወቱ ከፍ ይላል። የራሱ የመብራት ገመድ ያለው፣ ወፍራሙና የቆየው ዓይነት ይሻላል። ለመለየት ማስመሪያ ይውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ መስታወቱ ላይ፣ ሌላውን ክብሪት ሳጥን ላይ አስደግፈው ስካን ያድርጉ። የሚሊ ሜትር መስመሮቹ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለው ጫፍ ድረስ ከተነበቡ ይህ የሚፈልጉት ነው። ቢሮ ጥግ ተጥሎ አቧራ የጠጣው አሮጌ ስካነር እዚህ ላይ ከአዲሱ ይበልጣል።

ቀለሙ። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ያለው ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት) ይቀናል፣ ግን አይሆንም፤ የቲፕንና የፕሌትን ፕላስቲክ ይይዛል፣ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ሜቲሊን ብሉም እንዲሁ። የምግብ ሰማያዊ ቀለም፣ ብሪሊያንት ብሉ የተባለው፣ ፕላስቲክ ላይ እምብዛም አይጣበቅም፣ ቀይ ብርሃንንም አጥብቆ ይውጣል። ንጹሕ ዱቄቱ ካለ 18 ሚሊ ግራም በግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ፤ ይህ 120 የምንለው ይሁን። ከእሱ በክብደት፣ ባለ ሁለት ዲጂት ሚዛን ይበቃል፣ አራት ጠርሙስ ያዘጋጁ፦ 91.67 ግራም ቀለም ከ8.33 ግራም ውሃ ጋር 110 ይሆናል፤ 83.33 ከ16.67 ጋር 100፤ 75 ከ25 ጋር 90፤ 66.67 ከ33.33 ጋር 80። የሱቅ ፈሳሽ ቀለም ከሆነ ጥንካሬው ስለማይታወቅ ፕሌት ላይ እየሞከሩ ያቅጥኑት፤ ባዶው ጉድጓድ በምስሉ ቀይ ክፍል 100 ሲያነብ ባለቀለሙ ከ30 እስከ 50 ካነበበ ልኩ ያ ነው። ከ20 በታች ከወረደ ስካነሩ ጨለማን ከጨለማ መለየት ይሳነዋል።

አሞላሉ። ታቹ ዝርግና ግልጽ የሆነ አዲስ ፕሌት ይውሰዱ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓምድ (1 እና 12) ውሃ ብቻ፤ እነሱ ባዶዎቹ ናቸው። ከ2 እስከ 5 ባሉት ዓምዶች 80፣ 90፣ 110 እና 120፤ ከ6 እስከ 11 ባሉት 100። ሁሉም በሚፈተነው ፒፔት፣ 20 ማይክሮ ሊትር። ባለ ስምንት አፍ ከሆነ ከኤ እስከ ኤች ያለው እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ አፍ ይሆናል፣ ለአንድ አፍ ስድስት ድግግሞሽ ያገኛሉ፤ በሁለተኛ ፕሌት አሥራ ሁለት ይሞላል። ቀለሙ በቅድሚያ ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ከላዩ 200 ማይክሮ ሊትር ውሃ ጠንከር ባለ ግፊት ይጨመራል። ቅደም ተከተሉ የተመረጠው ለመቀላቀል ነው፦ ውሃ ላይ የተጨመረ ቀለም ያለ መነቅነቂያ መሣሪያ እስኪዋሐድ ሰዓታት ይፈጃል፣ ፕሌቱን በእጅ ማሽከርከርም እንዲህ ያለ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ብዙ አይረዳም። በቲፑ እየሳቡና እየመለሱ አይቀላቅሉ፤ ቲፑ ውስጥ የቀረው ይታጠብና የፒፔቱ ስሕተት ይደበቃል። አረፋ ካለ በመርፌ ጫፍ ያፍነዱት፣ አሥር ደቂቃ ይጠብቁ።

ስካን ማድረግ። መስታወቱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ወረቀት ያንጥፉ፤ አንድ የፈሰሰ ጉድጓድ ስካነሩን ይገድለዋል። ከካርቶን ማዕዘን ቆርጠው ይለጥፉ፣ ፕሌቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ከላዩ የማያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት፣ ክዳኑ ስለማይዘጋም ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ። አሮጌ አምፖል ያለው ስካነር 15 ደቂቃ ይሙቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምስሎች ይጣሏቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሶፍትዌሩ ላይ ነው። ስካነሩ ፎቶ እንዲያምር ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሳይጠየቅ ያበራል፣ ያጠቁራል፣ ጠርዙን ያጎላል። አውቶማቲክ ብርሃን፣ የቀለም ማስተካከያ፣ ጠርዝ ማጉያ (ሻርፐኒንግ) እና አቧራ ማጥፊያ ሁሉ ይጥፉ፤ ጋማ 1.0፤ 48 ቢት ቀለም፤ 300 ዲፒአይ። ፋይሉ ቲፍ ይሁን (ለጎጃም ሰው ማስታወስ አይከብድም)፤ ጄፔግ ቁጥሮቹን ስለሚያጭቅ አይሆንም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ምርጫዎቹ ወደ አውቶማቲክ ተመልሰው እንደሆነ ይዩ። ፕሌቱን አንድ ጊዜ ስካን ካደረጉ በኋላ 180 ዲግሪ አዙረው ይድገሙ፤ የመብራቱ መድሎ በሁለቱ አማካይ ይጣፋል።

ንባቡን በነፃ በሚገኘው ኢሜጅጄ ይሥሩ። ምስሉን በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይክፈሉት፣ ቀዩን ይያዙ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ መሐል 35 ነጥብ ስፋት ያለው ክብ ያስቀምጡ፤ በ300 ዲፒአይ 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ጥላ ያስወጣል። ከጉድጓድ ጉድጓድ ያለው 9 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 106 ነጥብ ነው፤ አንዱን ሠርተው በዚያ ርቀት ያባዙት። ከአማካይ ይልቅ መካከለኛውን እሴት (ሚዲያን) ይውሰዱ፣ ያመለጠ አረፋ አያናጋውም። ወደ ኤክሴል ወስደው የባዶዎቹን ንባብ በጉድጓዱ ንባብ አካፍለው በመሠረት 10 ሎጋሪዝም ይቀይሩ። ከ80 እስከ 120 ያሉትን መለኪያዎች ከዚህ ቁጥር ጋር በመስመር ያገናኙ፤ መስመሩ ቀጥ ካላለና 120 ላይ ከጎበጠ ቀለሙ በዝቷል። ከዚያ እያንዳንዱ የ100 ጉድጓድ በመስመሩ ላይ ስንት እንደሆነ ያንብቡ። 97 ካለ ያ ጠብታ ከፒፔቱ የራሱ አማካይ በ3% አንሷል። ስካነሩ የሚናገረው ከአማካዩ ስላለው ልዩነት ብቻ ነው፤ አማካዩ ራሱ ስንት ማይክሮ ሊትር እንደሆነ ከሚዛኑ ተገኝቷል።

ፒፔቱን ከመክሰስዎ በፊት ስካነሩን ይክሰሱ። ያንኑ ፕሌት ሳይነኩ አምስት ጊዜ ስካን አድርገው የአንድ ጉድጓድ ንባብ በስንት በመቶ እንደሚዋዥቅ ይዩ። ለባለ 20 የተፈቀደው መበታተን ግማሽ በመቶ ነው፤ የስካነሩ ብቻ ከዚህ ሲሶ ካለፈ ዳኛ መሆን አይችልም፣ ምስክር ግን ይሆናል፦ 5% የሳተን አፍ ያጋልጣል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ረድፍ ኤፍ በሙሉ 94 አነበበ እንበል። የስድስተኛው አፍ ጥፋት ሊሆን ይችላል፣ የስካነሩ ሊሆን ይችላል። ሌላ ፕሌት ሲሞሉ ፒፔቱን ወዲያና ወዲህ አዙረው ይያዙት፣ ስድስተኛው አፍ ረድፍ ሲ ላይ ይውደቅ። 94ቱ ወደ ሲ ከተከተለው ጥፋቱ የፒፔቱ ነው፤ ኤፍ ላይ ከቀረ የስካነሩ ነው። የፒፔቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቲፑ በዚያ አፍ ላይ ጠልቆ አልገባም። ስምንቱም ቲፖች እኩል ዝቅ ማለታቸውን ከብርሃን ጋር አድርገው ይመልከቱ፤ ቲፕ መደርደሪያው ላይ መቀጥቀጥ ሳይሆን ወደ ጎንና ጎን ወዝወዝ እያደረጉ መጫን ነው የሚያስተካክለው።

ከውጤቱ በኋላ

ማስተካከያ ብሎኑን ለመንካት አይቸኩሉ። ፒፔቱ ገደቡ ውስጥ ከሆነ ጉድለቱን መዝግበው ይተዉት። ከገደቡ ከወጣ ቲፕ ይቀይሩ፣ ያጽዱ፣ ጎማውን ይዩ፣ ሌላ ሰው በራሱ እጅ ይድገመው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ አማካዩ ብቻ ዝቅ ብሎ መበታተኑ ጥብቅ ሆኖ ከቀጠለ በፋብሪካው ቁልፍ በትንሽ በትንሹ ያዙሩ፣ ከእያንዳንዱ ዙሪት በኋላ አራት ጊዜ መዝነው አቅጣጫውን ይዩ፣ በመጨረሻ ሙሉውን አሥር ይሥሩ። ሲያስተካክሉ በብዛት በምትሠሩበት መጠን እንጂ በሙሉው ብቻ አይሁን፤ ባለ 1,000 ሆኖ ቀኑን ሙሉ 200 የሚሠራ ፒፔት በ200 ልክ መሆን አለበት።

የተስተካከለ ፒፔት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ቀን ብቻ አይጻፍበት። ከተማው፣ ግፊቱ፣ ሙቀቱና የቲፑ ዓይነት ይኑርበት፦ «ደብረ ማርቆስ፣ 755፣ 21 ዲግሪ»። ይህ ፒፔት በውሰት ባሕር ዳር ከወረደ ትንሽ አብዝቶ ይሰጣልና እዚያ እንደገና መፈተሽ አለበት። በየቀኑ ለሚሠራበት በየሦስት ወሩ፣ ለሌላው በየስድስት ወሩ ይበቃል፤ ከወደቀ ወይም አሲድ ከሳበ ግን በዚያው ቀን።